ፍርሃት ከልኩ ሲያልፍ

ካርቱም ስትባል አንዲት ከተማ ትመስላለች እንጂ በእውነቱ ሦስት ከተሞች ናት። ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙበት ስፍራ፣ በሁለቱ ወንዞች መካከል ካርቱም፣ በምዕራብ በኩል ኦምዱርማን፣ በሰሜን በኩል ደግሞ ሕዝቡ ባሕሪ እያለ የሚጠራት ሰሜን ካርቱም ይገኛሉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በአንደኛዪቱ፣ ታላቁ ገበያ በሁለተኛዪቱ፣ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች በሦስተኛዪቱ የተመሠረቱ ስለ ነበሩ፣ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር ሳይሻገር ኑሮውን የሚያካሂድ ሰው ጥቂት ነበር። መሻገሪያውም ድልድይ ነው። እንግዲህ እንደዚህ ባለች ከተማ ውስጥ ድልድይ የሚፈራ ሰው ቢኖር ኑሮው ምን ይመስላል ብለን ብንጠይቅ፣ ጥያቄው የቀልድ ሊመስል ይችላል። ለባለቤቱ ግን ቀልድ አይደለም።

ከጦርነቱ በፊት በካርቱም ሳለን እንዲህ ያለ አንድ ሰው እናውቅ ነበር። የአገራችን ሰው ነው፤ በአንድ የንግድ ቤት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ያገለግል ነበር። በወጣትነቱ ከመተማ ተነሥቶ፣ ወንበዴና አውሬ በሚፈራበት በረሃ ሌሊት ሌሊት እየተጓዘ ገዳሪፍ የደረሰ ሰው ስለ ሆነ፣ ማንም ፈሪ ሊለው አይችልም። ነገር ግን ወደ ኦምዱርማን የሚያሻግረው የነጭ ዓባይ ድልድይ ዘንድ ሲደርስ ልቡ እንደ ከበሮ ይመታል፤ መዳፉ በላብ ይርሳል፤ ጕልበቱ ይከዳዋል፤ ድልድዩ አሁን ተከፍቶ ወደ ታች እወድቃለሁ የሚል አሳብ ይይዘዋል። ድልድዩ በየቀኑ ብዙ መኪና የሚሸከም ጽኑ ብረት መሆኑን እንደ ማንኛውም ሰው ያውቃል። ማወቁ ግን አልረዳውም። ከሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ በጀልባ ሲሳፈር ምንም የማይሰማው መሆኑ ነው፤ በውሃው ላይ ተቀምጦ እንደ ልቡ ይጫወታል፤ ከውሃው በላይ መቆም ግን አይሆንለትም።

ይህ ሰው በባሕሪ ያለውን መጋዘን እንዲቈጣጠር የሥራ ዕድገት ከነደመወዝ ጭማሪው ቢሰጠው፣ «ለጤናዬ አይስማማኝም» ብሎ መለሰው። አለቆቹም ሰነፍ ነው አሉ። ይህስ ይቅር፤ የባሰው የመጣው በለቅሶ ነው። በኦምዱርማን የሚኖር አንድ ወዳጁ አባቱ ሞቶበት ድንኳን ተተክሎ ሳለ፣ እርሱ ሳይደርስ ቀረ። በሰው አገር ለቅሶ አለመድረስ ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢዎቻችን አያጡትም። ሰዎቹም ኰራብን ብለው ሰላምታ ነሡት፤ ከዕድሩም ስሙ ሊፋቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እውነቱን የምታውቅ ሚስቱ ብቻ ነበረች፤ እርስዋም «አመመው» እያለች በየቤቱ ትሸፍንለት ነበር። አንድ ቀን ግን «ስለ አንተ መዋሸት ሰለቸኝ፤ ፈራሁ ብለህ ብትናገር ምን አለበት?» አለችው። እርሱም «ጥይት ፈራሁ ያለ ሰው ይታዘንለታል፤ ድልድይ ፈራሁ ብል ማን ይሰማኛል?» ብሎ መለሰላት።

ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ከልክ ያለፈ ፍርሃት ፎቢያ ይሉታል። ቃሉ የግሪክ ነው፤ ፎቦስ በጥንታውያን ግሪኮች ተረት የጦርነት አምላክ የአሬስ ልጅ ሲሆን፣ በጦር ሜዳ የሰውን ልብ አሸብሮ የሚያሸሽ መንፈስ ነበር። ዐረቦች ደግሞ ሩሃብ ይሉታል፤ አማርኛ የሚማር ሰው ይህን ሰምቶ ከእኛው ረሃብ ጋር እንዳያዛምደው ያስፈልጋል፤ አንዱ የልብ፣ ሁለተኛው የሆድ ነውና። አማርኛ ራሱ ለዚህ ነገር የቃል ድኻ አይደለም። ገና ያልመጣውን እያሰቡ መጨነቅ ሥጋት ነው፤ በድንገት የመጣ ነገር ሲያስደነብር ድንጋጤ ይባላል፤ ውስጥ ውስጡን የሚበላው ጭንቀት ነው፤ ብዙ ሰው በአንድነት ሲታወክ ሽብር ይሆናል። በትግርኛ ፍርሒ፣ በአማርኛ ፍርሃት የሚባለው ግን አንድ ሥር ያለው ቃል ሲሆን፣ እነዚህን ሁሉ በጥላው ሥር ያስጠልላል።

ታዲያ ፍርሃት ሁሉ በሽታ ነውን? አይደለም። በካርቱም ማለዳ ጫማውን አራግፎ የሚጫማ ሰው ጠንቃቃ ይባላል እንጂ በሽተኛ አይባልም፤ የዚያ አገር ቢጫ ጊንጥ መርዙ ሕፃን እስከ መግደል ይደርሳልና። ባለቤት የሌለው ውሻ ሲመጣበት መንገድ የሚለውጥ ሰውም ልክ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውምና፤ የተነከሰ ሰው ቍስሉን በሳሙናና በውሃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ክትባቱን መከተብ አለበት። ፍርሃት ፎቢያ የሚባለው ከአደጋው ጋር ሳይመጣጠን ሲቀር፣ እንደ ሐኪሞች መመሪያ 6 ወር ወይም ከዚያ በላይ ሲቈይ፣ ሰውዬውም ያን ነገር ለመሸሽ ሲል ከሥራው፣ ከወዳጁና ከቤተ ሰቡ መለየት ሲጀምር ነው። ጊንጥ ፈርቶ ጫማውን የሚያራግፍ አንድ ነው፤ ጊንጥ ፈርቶ ሌሊቱን ሙሉ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የሚያነጋ ግን ሌላ ነው።

ነገሩ የዘመናችን ብልግና ወይም የከተማ ኑሮ ያመጣው ቅብጠት ነው የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። በጥንታዊው ሐኪም በሂፖክራጥስ ስም በሚጠሩት መጻሕፍት ውስጥ፣ ከ2000 ዓመት በፊት፣ የሁለት ሰዎች ነገር ተጽፎ ይገኛል። ኒካኖር የተባለው በግብዣ ላይ ዋሽንት የምትነፋ ሴት ድምፅ በሌሊት ሲሰማ ይሸበር ነበር፤ ያንኑ ድምፅ በቀን ሲሰማ ግን ምንም አይሰማውም። ዳሞክልስ የተባለው ደግሞ በገደል አፋፍ ወይም በድልድይ ላይ ማለፍ ቀርቶ፣ ጥልቀት በሌለው ጕድጓድ አጠገብ እንኳ መሄድ አይችልም ነበር፤ በጕድጓዱ ውስጥ ግን መሄድ ይችላል። ጀልባ የማይፈራው የካርቱሙ ሰው ይህን ቢያነብ ወንድሙን ያገኘ ይመስለዋል።

ከወታደሮችም ወገን ይህ አይጠፋም። እንግሊዛዊው ጄኔራል ሮበርትስ በ1868 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የመቅደላው ዘመቻ በተደረገ ጊዜ በዙላ ወደብ የስንቅና የጓዝ ሥራ ይመሩ ከነበሩት መኰንኖች አንዱ ነበሩ። ቈይተውም በአፍጋኒስታንና በደቡብ አፍሪካ ታላላቅ ጦር መርተዋል። እኒህ ሰው የመድፍ ድምፅ የማያስደነግጣቸው ሲሆኑ፣ ድመት ባለችበት ክፍል ውስጥ መቀመጥ አይችሉም ነበር ይባላል። እንግዲህ «ለፈሪ ሜዳ አይነሡትም» የሚለው ተረታችን ለእርሳቸው የሚስማማ አይመስለንም።

ድመት ካነሣን ዘንድ፣ የሚፈሩት ነገሮች ብዛት የሚያስገርም ነው። ከፍታ፣ ጨለማ፣ እባብ፣ ሸረሪት፣ ውሻ፣ ነጐድጓድ፣ መርፌና ደም፣ የተዘጋ ክፍል፣ አውሮፕላን፣ እነዚህ በየአገሩ የተለመዱ ናቸው። ያልተለመዱትም አሉ፤ የልብስ ቍልፍ ማየት የሚያስጨንቀው፣ ጥጥ ሲነካ ገላው የሚሸማቀቅ፣ የተነፋ ፊኛ ባለበት የልጆች በዓል የማይገባ፣ እንደ ንብ ቀፎ ብዙ ቀዳዳ ተጠጋግቶ ሲያይ ሰውነቱን የሚወርረው ሰው አለ። ይህን የመጨረሻውን ሁለት የእንግሊዝ አገር ሊቃውንት በ2013 ዓ.ም. መርምረው ጽፈውበታል። ለእያንዳንዱ ፍርሃት የግሪክ ስም እያወጡ በረዥም ዝርዝር የሚያሳትሙ ጸሐፊዎች ሞልተዋል፤ እኛ ግን ስሙ በረዘመ ቍጥር ሕመምተኛው የሚያገኘው ጥቅም የሚጨምር አይመስለንም።

ስለ ብዛቱ ግን ጥቂት ቍጥር መስጠት ይገባል። በ22 አገሮች ውስጥ የተደረገና በ2017 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ100 ሰዎች ውስጥ 7 ያህሉ በሕይወታቸው ዘመን አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ሕመም ይደርስባቸዋል፤ ሴቶች ከወንዶች እጥፍ ያህል ይሆናሉ፤ ብዙውን ጊዜም የሚጀምረው በሕፃንነት፣ በ8 ዓመት ዕድሜ አካባቢ ነው። ይህ ማለት 30 ሠራተኞች ባሉበት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ያህል ሊገኙ ይችላሉ ማለት ነው። ማን እንደ ሆኑ ግን አናውቅም፤ ደብቀውታልና።

ፍርሃቱ ከየት ይመጣል? ለአንዳንዱ ምክንያቱ አይታወቅም፤ ለአንዳንዱ ደግሞ ግልጥ ነው። በካርቱም አንዲት ቡና አፍልታ የምትሸጥ የአገራችን ሴት ነበረች። (ሱዳኖችም ቡናውን እንደ ዕቃው ጀበና ይሉታልና፣ በዚህ በኩል ቋንቋ አላስቸገራትም።) የእርስዋ ጠላት ሃቡብ ነበር። ሃቡብ የሚባለው ከክረምቱ በፊትና በክረምቱ መግቢያ ከሚነሣው ማዕበል ፊት ፊት እየገሠገሠ የሚመጣ የአቧራ ግድግዳ ነው፤ ከሩቅ ሲታይ ቡናማ ተራራ የሚራመድ ይመስላል፤ ከደረሰ በኋላ ቀኑን ሌሊት ያደርገዋል፤ መብራት ካልበራ እጅ ለእጅ መተያየት አይቻልም። ከተማው ግን ለምዶታል፤ ሰው መስኮቱን ዘግቶ፣ ፊቱን በጥምጥሙ ሸፍኖ እስኪያልፍ ይጠብቃል። ይህች ሴት በሕፃንነትዋ በአንድ ሃቡብ ከእናትዋ እጅ ተለይታ ብዙ ሰዓት ጠፍታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰማዩ ጥቂት ብጫ ሲመስል ሲኒዎችዋን ሰብስባ ወደ ቤትዋ ትሮጣለች። ሃቡብ ባይመጣም እንኳ የቀኑ ገበያ ቀርቶባት ይውላል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚሉት አባቶቻችን የሊቃውንቱን መጽሐፍ ሳያነቡ ነገሩን አግኝተውታል።

ከተማይቱ በሙሉም እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባታል። በ1988 ዓ.ም. በነሐሴ ወር መጀመሪያ በካርቱም ላይ በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ወረደ። ይህ የከተማይቱ የዓመት ዝናብ ከሚሆነው የሚበልጥ ነው። ከጭቃ የተሠሩት ቤቶች ፈረሱ፤ እጅግ ብዙ ሕዝብ ቤት አልባ ሆነ። ያን ጊዜ ልጆች የነበሩ ሰዎች ካደጉ በኋላም ነጐድጓድ ሲሰሙ ተነሥተው ጣሪያና ግድግዳ ሲመለከቱ አይተናል። ይህን እኛ ፎቢያ ለማለት አንደፍርም፤ ጣሪያውን ማየቱ ጥበብ ነውና።

እዚህ ላይ የአሠራሩን ነገር ጥቂት መግለጥ ያስፈልጋል። አደጋ ሲታይ አንጐል ገና ነገሩን አመዛዝኖ ሳይጨርስ ለሰውነት ትእዛዝ ይሰጣል፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ትንፋሽ ይበዛል፤ ደም ወደ እጅና ወደ እግር ይሮጣል፤ ይህም ለመዋጋት ወይም ለመሸሽ ነው። ሰውዬው ሲሸሽ ይህ ሁሉ ይረጋጋል፤ መረጋጋቱም እንደ ዋጋ ይሆንለታል። አንጐሉም «የሸሸሁ ስለ ሆነ ዳንሁ» ብሎ ይማራል። ስለዚህ በሸሸ ቍጥር ፍርሃቱ ይጠነክራል እንጂ አይደክምም። ሲሸሽ የኖረ ሰው ድልድዩ እንደማይወድቅ የሚያይበትን ዕድል ከቶ አላገኘም። ዘመዶቹ በማዘን «ተወው፤ እኛ እንሄድልሃለን» ሲሉትም ሳያውቁ ሕመሙን ይመግቡታል።

ሕክምናው ከዚሁ ይመነጫል። በ1924 ዓ.ም. ሜሪ ካቨር ጆንስ የተባሉ አሜሪካዊት ወደ ሦስት ዓመት የሚጠጋ ጴጥሮስ የተባለ ሕፃን ጥንቸል ይፈራ ስለ ነበር፣ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሉን በሽቦ ቤት አድርገው ከሩቅ ያሳዩት ጀመር። በየጊዜውም ጥቂት ጥቂት እያቀረቡ ሄዱ፤ በመጨረሻ ሕፃኑ በአንድ እጁ እየበላ በሁለተኛው ጥንቸሉን ይዳስስ ጀመር። ጆሴፍ ዎልፒ የተባሉት የደቡብ አፍሪካ ሐኪም ደግሞ ይህን መንገድ ለትልልቅ ሰዎች አስተካክለው በ1958 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳተሙ። ጀርመናዊው ባለ ቅኔ ጎተ ግን ከሁለቱም ይቀድማል፤ በስትራስቡርግ ተማሪ ሳለ ከፍታ ያዞረው ስለ ነበር፣ ብቻውን ወደ ካቴድራሉ ግንብ ጫፍ እየወጣ፣ ፍርሃቱ ምንም እስከማይመስለው ድረስ ደጋግሞ ይቆም እንደ ነበር ራሱ ጽፎታል። እኛ ለማንም ሰው እንደ ጎተ በአንድ ጊዜ ወደ ግንብ ጫፍ ውጣ ብለን አንመክርም፤ ደረጃ በደረጃ ይሻላል።

በሱዳን የአእምሮ ሕክምናን ያስጀመሩትን ሰው ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። ዶክተር ቲጃኒ አል ማሂ በ1911 ዓ.ም. በነጭ ዓባይ ዳር በአል ከዋ ተወለዱ፤ በካርቱም የሕክምና ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ተመረቁ፤ ከዚያም በለንደን የአእምሮ ሕክምና አጥንተው ተመለሱና በ1950 ዓ.ም. በሰሜን ካርቱም የነርቭ ሕመምተኞች ክሊኒክ ከፈቱ። የአእምሮ ሕመም ማለት እብደት፣ መድኃኒቱም ሰንሰለት ነው ተብሎ በሚታሰብበት ጊዜ፣ እርሳቸው ሕመምተኛው ከቤተ ሰቡ ሳይለይ እንዲታከም ደከሙ። ከሼኮችም ጋር አልተጣሉም፤ ወደየመንደሩ እየሄዱ አሠራራቸውን አዩ፤ ስለ ዛርም አጥንተው ጻፉ። የሱዳን ዛር ከመናፍስቱ ወገን ሐበሾች የሚባሉም አሉበትና ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1964 ዓ.ም. የሱዳንን የበላይ ሥልጣን ከያዙት አምስት ሰዎች አንዱ ሆነው ነበር፤ በ1970 ዓ.ም. ዐረፉ። በኦምዱርማን የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል በስማቸው ተጠርቷል። እኛ ከእርሳቸው ሥራ የምናደንቀው ይህን ነው፤ አንድ ሰው ጠበል ስለ ሄደ ወይም ሼክ ዘንድ ስለ ደረሰ አልነቀፉትም፤ ወደ ሐኪም መምጣትንም የሚያሳፍር ነገር እንዳይሆን አደረጉ።

ድልድይ የሚፈራው ሰው በሚስቱ ግፊት ወደ አንድ ሱዳናዊ ሐኪም ሄደ። ሐኪሙም ኪኒን አልሰጡትም፤ ወረቀት ሰጡት። በወረቀቱ ላይ ከታች ጀምሮ አሥር ደረጃዎች ጻፉ። የመጀመሪያው በዓባይ ዳር ባለው መንገድ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ተቀምጦ ድልድዩን ከሩቅ እያዩ ሻይ መጠጣት ነበር። ሁለተኛው እስከ ድልድዩ ሥር መሄድ፤ ሦስተኛው አሥር እርምጃ መግባት፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ትእዛዙ አንድ ነበር፤ ይኸውም ፍርሃቱ እየወጣ ሳለ አትመለስ፤ ቆመህ ጠብቅ፤ እስኪወርድ ድረስ ንቅንቅ አትበል የሚል ነው። አንድ ጓደኛው አብሮት ይሄድ ነበር፤ ነገር ግን እንዳይደግፈውና «አይዞህ» እያለ እንዳያባብለው ተከልክሏል። አንድ ቀን በድልድዩ መካከል ሳሉ የጭነት መኪና ሲያልፍ ብረቱ ተንቀጠቀጠ። ሰውዬው መከታውን ጨብጦ ዓይኑን ገልጦ ቆመ። ጓደኛው ሰዓቱን አየ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ «አሁን ራበኝ» አለ። የራበው ሰው አይፈራም ብለው ሁለቱም ሳቁ።

ከሦስት ወር በኋላ ድልድዩን በእግሩ ተሻግሮ ኦምዱርማን ገባና ወደ ወዳጁ ቤት ሄደ። ለቅሶውን የደረሰው ሁለት ዓመት ዘግይቶ መሆኑ ነው። የቤቱ ጌታም ነገሩን ሁሉ ከሰማ በኋላ፣ «እንኳን መጣህ፤ የአባቴን ሙት ዓመት ሁለት ጊዜ አወጣን፤ አንተ ግን ሳትመጣ ቡናችን ጣዕም አልነበረውም» አለው። ፍርሃቱ ፈጽሞ ጠፋ ለማለት አይቻልም፤ ሌሊት መሻገርና በነፋስ ቀን መሻገር እስከ መጨረሻው አይወድም ነበር። ግን ይሻገራል።

በ2023 ዓ.ም. በሚያዝያ 15 ቀን በካርቱም ጦርነት ተነሣ። የከተማይቱ ሆስፒታሎች አብዛኞቹ ሥራቸውን አቆሙ። ድልድዮቹም የጦር ስፍራ ሆኑ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ኦምዱርማንን ከባሕሪ የሚያገናኘው የሻምባት ድልድይ ተሰበረ። ያን ጊዜ ድልድይ የማይፈራ ሰው አልነበረም፤ የሚፈራውም ሰው ልክ ነበር። እርሱና ሚስቱ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ሰዎች በዋድ መዳኒ በኩል ወጡ። በዚያም ጥቁር ዓባይን የሚያሻግረው የሐንቱብ ድልድይ አለ። በአንድ የጭነት መኪና ላይ ከአርባ የማያንሱ ሰዎች ጋር ሆነው ሲሻገሩ፣ ሚስቱ እጁን ብትይዘው እጁ ደረቅ ነበር ብላ ነግራናለች። ከዚያ በገዳሪፍ አድርገው መተማ ገቡ። የመንግሥቱ ጦር ካርቱምን በ2025 ዓ.ም. መልሶ ከያዘ ወዲህ የተመለሱ ሰዎች አሉ፤ እነርሱ ግን አልተመለሱም።

ከዚያ ጦርነት የወጡ ሰዎች፣ በተለይም ልጆች፣ በር ሲወረወር የሚሸሹ፣ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰሙ ከአልጋ ሥር የሚገቡ አሉ። ይህን ከፎቢያ ጋር ማደባለቅ አይገባም። የድልድዩ ሰው የፈራው ያልሆነውን ነው፤ እነዚህ ግን የሚፈሩት የሆነውን ነው። ሕመሙም ስሙም ሌላ ነው፤ ሕክምናውም በዐዋቂ እጅ መሆን አለበት። ወላጆች በራሳቸው አሳብ ልጁን ድምፅ በማሰማት «እናለምደዋለን» ቢሉ ሊጐዱት ይችላሉ። ለዚህ ሁሉ በአገራችን በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ይገኛል፤ በክፍለ ሀገር ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ባለ ሙያዎች አሉ።

ስለ ደምና ስለ መርፌ ፍርሃት ለብቻው መናገር የሚያስፈልገው፣ አሠራሩ ከሌላው የተለየ ስለ ሆነ ነው። ሌላ ነገር የሚፈራ ሰው የደሙ ግፊት ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ምንም ቢፈራ ራሱን አይስትም። ደም የሚፈራ ሰው ግን ግፊቱ ለጥቂት ጊዜ ወጥቶ ወዲያው ስለሚወርድ ይወድቃል። እንዲህ ያለውን ሰው «ሰውነትህን አላላ፤ ተንፍስ» ማለት ስሕተት ነው። የስዊድን አገር ሊቃውንት ያገኙት ዘዴ የተገላቢጦሽ ነው፤ የእጅን፣ የእግርንና የሆድን ጡንቻ ከ10 እስከ 15 ሰኮንድ ያህል፣ ፊት ሙቀት እስኪሰማው ድረስ ማጥበቅ፣ ከዚያም ወደ ተለመደው መመለስ፣ ይህንም አምስት ጊዜ መደጋገም። ክትባት ሲሰጥ ወይም ደም ሲቀዳ የሚወድቅ ዘመድ ያላቸው ሰዎች ይህን በቤት ቢያለማምዱት መልካም ነው። ለነርሷም አስቀድሞ ተናግሮ ተጋድሞ መወጋት ነውር የለውም።

እናቶች ስለ ልጆቻቸው ይጠይቁን ይሆናል። ልጅ ጨለማና አውሬ መፍራቱ የዕድሜው ነው፤ አብዛኛውም ሲያድግ ይተወዋል። የሚያስቸግረው እኛ የምንጨምርበት ነው። በአገራችን «አያ ጅቦ መጣልህ» ይባላል፤ የሱዳን እናቶችም በዓቲ በሚባለው፣ ከሞት ተነሣ በሚሉት ፍጥረት ያስፈራራሉ። ልጁ ለዚያች ሌሊት ዝም ይላል፤ ዋጋውን ግን ብዙ ሌሊት ይከፍላል። ከዚህም ሌላ የእናት ፊት ለልጅ መጽሐፍ ነው፤ እናት ሸረሪት አይታ ስትጮኽ ልጅ ሸረሪትን ይማራል። የሚፈራውን ልጅ መሳቅበትም፣ በግድ ወደሚፈራው ነገር መግፋትም አይበጅም፤ እንደ ጥንቸሉ ከሩቅ ማስጀመር ነው።

በመጨረሻ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ቅርብ ወደ ሆነው ፍርሃት እንመለስ። በሰው ፊት መናገርን መፍራት ከሁሉ ይልቅ የተስፋፋ ነው፤ በሰው ፊት መጻፍና መፈረም እንኳ የሚያስጨንቀው ሰው አለ። ቋንቋው የአፍ መፍቻው ያልሆነ ሹም ሲሆን ደግሞ እጥፍ ይሆንበታል፤ የሚያውቀውን ጉዳይ፣ አንድ ፊደል እንዳላጠብቅ ወይም እንዳላላላ ብሎ በመፍራት ሳይናገር ይቀራል፤ ሥራውም በሌላ ሰው ስም ይጠራል። አንድ የምናውቀው ሹም አማርኛን በ28 ዓመቱ የጀመረ ነው። በስብሰባ ላይ መናገር ሲደርሰው ጕሮሮው ይዘጋ ስለ ነበር ሪፖርቱን ሁልጊዜ ለምክትሉ ይሰጥ ነበር። የድልድዩን ሰው ወረቀት ታሪክ ከሰማ በኋላ እርሱም ደረጃ ጻፈ። በየማታው ጋዜጣውን ጮኾ ለሚስቱ ያነብ ጀመር፤ ቀጥሎ ለጽሕፈት ቤቱ ተላላኪ፤ ተላላኪውም የጐንደር ልጅ ስለ ነበር ያለ ርኅራኄ ያርመው ነበር። ከዚያ ለሦስት ባልደረቦቹ አነበበ። ከዚያም አርባ ሰው ባለበት ጉባኤ የመሥሪያ ቤቱን የበጀት ሪፖርት ራሱ አቀረበ። እጁ ስለ ተንቀጠቀጠ ወረቀቱ እንዳይንኰሻኰሽ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ስብሰባው ካለቀ በኋላ ስለ እጁ ያነሣ ሰው አልነበረም፤ አንድ ሰው ብቻ ቀርቦ የሦስተኛውን ርእስ ድምር እንዲደግምለት ለመነው።